መረብ የማይገባበት ውሃ

መጋቢት 12

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም። ደህና መሆንህን የአውቶቡሱ ሹፌር ነግሮኛል። ፊቱ ሞልቷል፣ ጫማው ያበራል አለኝ። እኛን ስለጠየቅከው፣ አባባ ደህና ናቸው፣ ቤቱም ደህና ነው፣ እኔ ግን በንዴት ልፈነዳ ነው።

ስልኩን ለምን ጆሮህ ላይ እንደዘጋሁብህ ጠይቀሃል። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ልነግርህ የፈለግኩትን ደግሞ እሳቸው ፊት አልናገረውም። ደብዳቤ ይሻላል። እንደ ልቤ እጮኻለሁ፣ አንተም መሃል ላይ «እሺ እታለም፣ እሺ እታለም» እያልክ አታቋርጠኝም።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰቡን። ከእናንተ ቢሮ የመጣው መሐንዲስ፣ ያ ባለ መነጽሩ፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቅሎ ካርታ አበራበት። ወንዙ አለ፣ መንደሩ አለ፣ እኔ ዓሣ የማደርቅባት ዳስ ሳትቀር አለች። ከዚያ በቀይ መብራት ከቤታችን ከፍ ብሎ ያለውን መታጠፊያ፣ ከቋጥኙ ሥር ያለውን ጥልቅ ውሃ ነካና ምን እንዳለ ታውቃለህ? «ይህ ቦታ ተጠቃሚ የለውም። ስለዚህ ለሜዳው እርሻ ውሃ የሚስበው ፓምፕ እዚህ ይተከላል። ማንንም አንጎዳም።»

ማንንም አንጎዳም! ማደሪያውን እኮ ነው! ጫማህ ሲያበራ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ማደሪያው ውስጥ መረብ አይገባም፤ በጋም ክረምትም አይገባም። ልብስ አይታጠብበትም፣ ሸምበቆው አይቆረጥም፣ በታንኳ የሚያልፍ ሰው መቅዘፊያውን አንስቶ ውሃው በራሱ እንዲወስደው ይተወዋል። ዝናብ ሲገባ አምባዛውም ቆሮሶውም እዚያ ገብቶ እንቁላሉን ይጥላል። ወንዙን የሚሞላው፣ ታች ድረስ ያለውን መንደር ሁሉ የሚያበላው ከዚያ የሚወጣው ነው። አንተን ያስተማረህ ዓሣ ከዚያ የወጣ ነው። አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው። ያለው አባባ ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት ደግሞ አባታቸው ነበሩ።

«ተጠቃሚ የለውም» የሚለውን ከየት አመጣው? ከአባባ አፍ ነው ያመጣው። በበጋው ቦታ ሊለኩ የመጡ ጊዜ በታንኳ ያዞሯቸው አባባ ናቸው። ማደሪያው ጋ ሲደርሱ ባለ መነጽሩ «እዚህስ ማን ይጠቀማል?» ብሎ ጠየቃቸው። አባባ ደረታቸውን ነፍተው «ማንም! እኔ ቆሜ እያለሁ ማንም አይነካውም» አሉ። ሰውዬው እጃቸውን ጨበጠ። አባባ ያደነቃቸው መስሏቸው ቤት ሲገቡ እየሳቁ ነገሩኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ተነስተው ሊናገሩ ሲሉ ባለ መነጽሩ «አባቴ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው» አላቸው። በመጨረሻ አንሶላውን አጥፈው ሄዱ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ካርታውን የምትስለው አንተ ነህ። እጅህ ያንን መታጠፊያ ሲስል ምን ይል ነበር? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ እሺ፣ እኛ ሞኞች ነን። መጥረቢያውን ያቀበለው ግን የቤት ልጅ ነው እንዴ?

ሹፌሩ አርብ ይመለሳል፤ መልስህን ስጠው።

እህትህ


መጋቢት 25

ለእታለም፣

የከበረ ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ናፍቆትሽ ሊገድለኝ ነበር፤ ደብዳቤሽ ቀደመው እንጂ። ቢሮ ውስጥ ከፍቼ ሳነበው ጸሐፊያችን ፊቴን አይታ «ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለችኝ። አይ፣ እህቴ ናት አልኳት።

ካርታውን እኔ እስለዋለሁ ማለት እኔ እወስነዋለሁ ማለት አይደለም። የምሠራበትን ክፍል ብታዪው ታዝኚልኝ ነበር። መስኮት የለውም። ከጠዋት እስከ ማታ ነጭ መብራት ሥር፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረን ቁጭ ነው። ቀያሾቹ የለኩትን ያመጡልናል፤ እርሻ ከሆነ አረንጓዴ፣ ግጦሽ ከሆነ ቢጫ፣ ዓሣ የሚጠመድበት ውሃ ከሆነ ሰማያዊ እንቀባለን። ለማይነካ ውሃ የተመደበ ቀለም የለም። እንዲህ ያለው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ነጭ ማለት ደግሞ ባዶ ማለት ነው።

ዝም አላልኩም። ባለ መነጽሩ ጠረጴዛ ድረስ ሄጄ ይህ ውሃ ተጠቃሚ አለው አልኩት። «ዓሣ ይጠመድበታል?» አለኝ። አይ አልኩት። «ከብት ይጠጣበታል?» አይ። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍልህ? ዝምታ?» አለና ሳቀ፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ምን ላድርግ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው ለካ። ኮንትራቴ ደግሞ ሐምሌ ላይ ያልቃል፤ ይህን ለአባባ አትንገሪያቸው።

ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ እታለም። ለሜዳው ውሃ ይመጣል፣ እርሻው ብዙ ሰው ይቀጥራል ብሎ ከልቡ ያምናል። ለዚህ ነው ከክፉ ሰው የሚብሰው።

ቅርንጫፍ ቢሮው ሄዳችሁ አመልክቱ፤ ተሰብስባችሁ ሂዱ፣ ብቻሽን ሄደሽ አትጩሂ። እኔም እዚህ መንገድ ፍለጋ ላይ ነኝ። አባባ ይበላሉ? ይተኛሉ? እውነቱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 20

ይድረስ ሳቅ ለማያልቅበት ወንድሜ፣

አብሬ ሳቅኩ ነው ያልከኝ? ጥርስህ ይርገፍ ልል ነበር፣ በእናታችን አጥንት ብዬ ተውኩት። ለሞተችው እናታችን ስል ነው የማርኩህ።

አባባ ይበላሉ ወይ ብለሃል። ያቀረብኩላቸውን ይነካኩና ተነስተው ይወጣሉ። የት ይሄዳሉ መሰለህ? ቤት ለቤት ይዞራሉ። የሰው በር ላይ ቆመው «ምን ብዬ ነበር? ማንም አይነካውም ነው ያልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል?» ይላሉ። ሰው ደግሞ «ልክ ነዎት አባባ» ይላቸዋል። ልክ ነዎት ሲባሉ ይብስባቸዋል። ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ።

ቅርንጫፍ ቢሮው ሄድን። ደህና ልብሳችንን ለብሰን፣ ተሰብስበን፣ አንተ እንዳልከው ሳልጮህ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አንድ እግሩ ተሰብሮ በጡብ የተደገፈ። እዚያ ላይ እኩለ ቀን አለፈብን። ከዚያ አንዱ ጥፍሩን እየሞረደ ተቀበለን። «ጉዳት ደርሷል?» አለ። ገና ነው፣ ሊደርስ ነው አልነው። «እንግዲያው ሲደርስ ኑ» አለን። ሳይቃጠል በቅጠል ያለው ሰው እዚያ ቢሮ ሠርቶ አያውቅም! ያን ጊዜ ጮህኩ። ዘበኛው ክንዴን ይዞ አወጣኝ፤ ደግሞ ደረጃው ላይ ሲደርስ «እህቴ፣ የኛም ወንዝ እንዲሁ ነው የሄደው» አለኝ። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ማደሪያው ዳር ቀይ የተቀባ ችካል ተክለዋል። ችካሉ ከወዲያ ማዶ እንዲታያቸው ብለው ሸምበቆውን መሃል ለመሃል ቆርጠው መንገድ አበጁለት። የሽመላዎቹ ጎጆ ከነጫጩቱ ወደቀ። አባባ አንዱን ጫጩት በሸሚዛቸው ይዘው መጡ፤ አላደረም።

ሥራ ይፈጠራል ላልከው፣ ተፈጥሯል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ብዬ ነበር፣ ላሚቱ ወረደች። ለአባባ የጥበቃ ሥራ እንስጥዎት አሏቸው። የምን ጥበቃ? የፓምፑ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ማደሪያውን የጠበቁትን ሰውዬ ማደሪያውን የሚያጠፋውን ብረት ጠብቁ አሏቸው። ኮፍያም አለው አሉ።

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው፤ የእናንተም ቢሮ እንደዚያው። መንገድ እየፈለግኩ ነው ብለሃል። እስኪ እንየው መንገድህን።

እህትህ


ግንቦት 18

ለእታለም፣

ስድብሽ በሙሉ ደርሶኛል፤ አንዱም መንገድ ላይ አልጠፋም። የኮፍያውን ነገር ሳነብ ግን አልሳቅኩም። ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ ቆየሁ።

አሁን ስሚኝ፣ መንገዱን አግኝቼዋለሁ። ፓምፑ ከመተከሉ በፊት ከበላይ አካል አጣሪ ቡድን ይመጣል። ቦታው የሰው መተዳደሪያ ሆኖ ካገኘው ፓምፑ ወደ ታች፣ ድንጋያማው መታጠፊያ ጋ ይዛወራል። ድንጋያማውን ታውቂዋለሽ፤ ዓሣም ሸምበቆም የለውም፣ ቢቆፈር ማንም አያለቅስለትም። ችግሩ ቡድኑ ወሬ አይሰማም፤ በዓይኑ ያየውን ብቻ ነው የሚይዘው። የሚመጣው ደግሞ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው።

እንግዲህ በዓይናቸው ይዩ። የመጡ ዕለት ማደሪያው ላይ ታንኳ ይኑር፣ መረብ ይጣል፣ ዓሣ ይውጣ። ለአንድ ቀን ብቻ። እንዲያው ለማስመሰል ባዶ መረብ እንዳትጥሉ፤ ከመካከላቸው የዓሣ ባለሙያ አለች፣ የወጣውን ትመዝናለች። በማግስቱ ሁሉም እንደነበረው ይሆናል፣ ፓምፑም ሌላ ቦታ ይሄዳል።

እሾህን በእሾህ ነው እታለም። ይህን ስታነቢ የምትዪውን አውቃለሁ። ከተናደድሽ በኋላ ግን አንድ ጊዜ ደግመሽ አንብቢው፣ ከዚያ ለአባባ አንብቢላቸው።

ወንድምሽ


ግንቦት 30

አንተ ልጅ፣

ጤነኛ ነህ? ሰላምታውን ከሐኪም በኋላ እጽፍልሃለሁ።

ደግሜ አንብቢው ባልከው መሠረት ደግሜ አነበብኩት፤ ደግሜ ተናደድኩ። ለአንድ ቀን ብቻ! ይህን ቃል ከአንተ በፊት ስንት ሌባ ተናግሮታል። ሰኔ መጨረሻ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልንገርህ? ዝናቡ ገብቶ፣ ዓሣው ሆዱን በእንቁላል ሞልቶ ማደሪያው ውስጥ የሚታጨቅበት ጊዜ ነው። እንኳን መረብ፣ እጅ ብታስገባ ባዶህን አትወጣም። አራስ ቤት ገብተህ አልጋውን ገልብጥ እያልከኝ ነው።

ደግሞ ዓሣውስ ይተካ ይሆናል፤ አንተ ያልገባህ ሌላ ነው። ባለ ሞተሩን ታውቀዋለህ፣ ያ የታችኛው መንደር ሰው፣ ጥፍር የማያሳልፍ፣ ዓይኑ የጠበበ መረብ ያለው። ሞተር ጀልባ እያለው ማደሪያውን ገብቶበት የማያውቀው ለምንድን ነው? አባባን ፈርቶ ነው? አባባ እኮ የቤታቸውን ደረጃ ለመውጣት ትከሻዬን የሚይዙ ሰው ናቸው። የማይገባው ማንም ገብቶ ስለማያውቅ ነው። ሌላ ምንም የለም። ሕጉ ይኸው ነው፣ አጥሩም ይኸው ነው። እኛ ከገባን በኋላ በየትኛው አፋችን ነው የምንከለክለው?

ሰው ሲሞት ለአንድ ቀን ብቻ አይሞትም። እንዲህ ያለውም ነገር እንደዚያ ነው።

ለአባባ አላነበብኩላቸውም፤ አላነብላቸውምም። «ወንድምሽ ምን አለ?» ሲሉኝ ሰላም ብሏል፣ ሥራ በዝቶበታል አልኳቸው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ተው ብያለሁ፣ ተው።

እህትህ


ሰኔ 10

ለእታለም፣

ዛሬ እኔም ልቆጣ። አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ቁጣ የተማርሽው?

እሺ፣ መረብ አይገባም። ጥሩ። ፓምፑስ? ፓምፑ እንደ መረብ ለአንድ ቀን ብቻ ተጥሎ አይወጣም። ቀንም ሌሊትም ይስባል፤ የዓሣውን እንቁላልም ጫጩትም አብሮ ይስባል። ውሃው ሲወርድ ሸምበቆው ይደርቃል፣ ሽመላው ይሄዳል፣ ከቋጥኙ ሥር የሚቀረው ጭቃ ነው። ያን ጊዜ ዳር ቆመን «እኛ መረብ አላስገባንም» እንላለን? ለማን? ለእንቁራሪቱ?

እኔ በመጥፎና በባሰ መሃል ነው የምመርጠው። አንቺ ጥሩ ነገር እንዳለ ሰው ነው የምትከራከሪኝ። የታለ ጥሩው? አሳዪኝና እኔም ይዤው ልሙት።

ሁልጊዜ እንዲህ ናችሁ። ችግር ሲመጣ «እሱ የተማረ ነው፣ መላ ይፈልግ»። መላ ሳመጣ ደግሞ «አንተ ልጅ ዝም በል»። እዚህ ቢሮ የወንዝ ዳር ልጅ ነኝ፣ እዚያ ቤት የቢሮ ሰው ነኝ፤ የሚሳቅብኝ በሁለቱም በኩል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። አባባ ዓይናቸው ደከመ እንጂ ጭንቅላታቸው አልደከመም። ማደሪያው የእሳቸው ነው፤ ነገሩም የእሳቸው ነው። አንቺ የምታነቢላቸውንና የማታነቢላቸውን እየመረጥሽ እስከ መቼ? ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ወንድምሽ


ሰኔ 24

አንተ፣

ለአባባ ለብቻቸው ጽፈህ ባለ ሱቁን አስነበብከው። ሳሙና ገዢው፣ ስኳር ገዢው ሁሉ በቆመበት! እኔ ከቤት ቁጭ ብዬ የአባቴን ደብዳቤ የምሰርቅ ሌባ ሆንኩልህ። ይህን ለኋላ አቆየዋለሁ፤ አሁን ጊዜ የለኝም።

ምን አሉ ትላለህ። ያደረጉትን ልንገርህ። ከሱቅ መጡና ከጣሪያው ሥር የተሰቀለውን የድሮ መረባቸውን አወረዱ። አይጥ በልቶታል። መረብ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ በዚህ መንደር የተቀደደ መረብ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ እጄን መለሱት። «ይሄን እኔ ነኝ» አሉ። ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት ያልሆኑት የለም፤ በምራቃቸው ያረጥቡታል፣ ወደ ብርሃን ያነሱታል፣ ይስቱታል። ቁጭ ብዬ አያለሁ። እንባዬ ይወርዳል፤ ከንዴት ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ።

አባባ፣ ይቅርብዎት አልኳቸው። ቢመጣ ፓምፑ ይምጣ፣ የሰው እጅ ያጥፋው፣ የእርስዎ እጅ አይሁን አልኳቸው። ቀና ሳይሉ «ያመጣው አፌ ነው፤ እጄ ይመልሰው» አሉኝ።

አየህ ያደረግከውን? ነገሩ የማደሪያው መሰለህ። ለእሳቸው ግን ያቺ አንዲት ቃላቸው ናት። ቃላቸውን የሚመልሱበት መንገድ ያለ አስመሰልክላቸውና ጠፍራቸው ቀረች።

ቡድኑ ከነገ ወዲያ ይገባል። ሁለቴ ደወልኩልህ፣ ስልክህ ዝግ ነው። ለምን እንደተዘጋ አላውቅም፤ እንደምገምተው ከሆነ ግን እግዜር ይይልህ። አንተ ብትላቸው ይተዉ ነበር። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ነገሩ አልቋል፤ እያወቅኩ ነው የምጽፈው። ለመንኩህ ብዬ እንድጽፍ ነው። ይኸው ለመንኩህ።

እህትህ


ሐምሌ 15

ለአባባና ለእታለም፣

እንኳን ደስ አላችሁ! እንኳን ደስ አላችሁ! እንኳን ደስ አላችሁ!

ውሳኔው ዛሬ ወጣ። ፓምፑ ወደ ድንጋያማው ተዛውሯል። ባለ መነጽሩ ራሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ነገረኝ፤ «አባትህ መረብ ሲጥሉ አይቼ ወጣት ናቸው ብዬ ነበር» አለኝ። መታጠፊያውን በገዛ እጄ ሰማያዊ ቀባሁት። ቀለሙ እስኪደርቅ አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ጓደኞቼ ሁሉ ጨበጡኝ፤ ስቀውብኝ የነበሩትም። ኮንትራቴም ታድሷል።

ስልክህ ለምን ተዘጋ ላልሽው፣ ወድቆ ተሰብሮብኝ ነው። እውነቴን ነው እታለም።

ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። አሁን ሁሉም ካለፈ በኋላ ይቅር በይኝ፤ ባልቸኩል ቢሮው ይቀድመን ነበር። የጠፋ ነገር የለም እኮ። ውሃው አለ፣ ቋጥኙ አለ፣ አባባ አሉ። ከእንግዲህ ማንም ባዶ ነው አይለንም።

ግን ለምን ዝም አልሽ? ሹፌሩ ደጋግሞ ባዶ እጁን መጣብኝ። እንዴት ናችሁ ስለው «እነሱን ጠይቅ» ይለኛል። ማደሪያው እንዴት ነው? አባባ ደስ አላቸው? ምን አሉ?

ወንድምሽ


ነሐሴ 2

ወንድሜ፣

እንኳን ደስ አላችሁ ብለሃል፤ እንኳን አብሮ ደስ አለን።

ዝም ያልኩት የምጽፈው ጠፍቶኝ አይደለም። እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር ወረቀቱን እቀደዋለሁ። ዛሬ እስኪ ይሁን።

ቡድኑ የመጣ ዕለት ሰው ሁሉ ታንኳው ውስጥ ነበር፤ መረብ የሚጥል ግን ጠፋ። እርስ በርሱ ይተያያል። ባለ መነጽሩ ከዳር ሆኖ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላል። አባባ ጣሉ። ከዚያ ሁሉም ጣለ። መረቡ ሲወጣ ምን እንደያዘ አልነግርህም፤ ዓሣ እያየህ ነው ያደግከው፣ ወሩንም ታውቀዋለህ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። የዓሣ ባለሙያዋ እንዲህ ያለ ሀብታም ውሃ አይቼ አላውቅም አለች። አባባን መሃል አቁመው ፎቶ አነሷቸው።

በማግስቱ ጠዋት የሞተር ድምፅ ሰማን። ማደሪያው ላይ ሞተር! አባባ ወርደው ዳር ላይ ቆሙና እጃቸውን አነሱ። ባለ ሞተሩ ክፉ ቃል ቢናገራቸው ይሻለኝ ነበር፤ ድንጋይ አነሳበት ነበር። ሞተሩን አጠፋ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ በትሕትና «አባቴ፣ ትላንት እርስዎም ጥለው የለም እንዴ?» አላቸው። አባባ እጃቸውን አወረዱ። ሞተሩን መልሶ አስነሳ።

ከዚያ ወዲህ ማን ያልገባ አለ? የታችኛው መንደር ገባ፣ የላይኛው ገባ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች በመኪና ጀልባ ጭነው መጡ። ጎረቤታችን ልጆቿን አስከትላ በአልጋ አጎበር ዓሣ ስትጨልፍ አገኘኋት። አንቺም? ብዬ ጮህኩባት። «እኔ ብተወው ማን ሊምረው?» አለችኝ። ሳልሰድባት ጥያት ሄድኩ። እኔ ሳልሰድብ ስሄድ አይተህ ታውቃለህ? ሸምበቆውን ለታንኳ ማሰሪያ ቆርጠው ጨረሱት። የተረፉት ሽመላዎች አንድ ጠዋት ተነሱ፣ ዞሩ ዞሩና ሄዱ። ከታች ያለው ወንዝ ደግሞ ባዶ ሆነ፤ ከላይ የሚወርድለት የለማ።

ፓምፑ ድንጋያማው ጋ ተተክሏል፣ እንዳልከው ማንንም አልጎዳም። አንተ አልዋሸህም። ባለ መነጽሩም አልዋሸም። ባለ ሞተሩም እውነቱን ነው የተናገረው። ሁላችሁም ልክ ናችሁ! አንገቱን የማንቀው ሰው አጥቼ ነው እዚህ ቁጭ ብዬ የምቃጠለው። አንተን ልጠላህ ሞከርኩ፤ ያን ያህል ትልቅ ሰው ሆነህ አላገኘሁህም።

አባባ ምን አሉ ብለሃል። ደብዳቤህን አላነበብኩላቸውም፣ እሳቸውም ምን አለ ብለው አልጠየቁኝም። አሁን በራፉ ላይ ነው የሚውሉት፣ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ከሹፌሩ አፍ ከምትሰማው ከኔ ስማው። እኔም ገብቻለሁ። ወንዙ ውስጥ ሌላ ቦታ የሚያዝ የለም፤ ዳሴ ውስጥ የማደርቀው ከጠፋ ቆየ። ጠባብ መረብ ሰፋሁ፣ ትንንሹን ሁሉ የሚለቅም፣ እኔ ራሴ ስረግመው የኖርኩትን ዓይነት። አባባ ሳያዩኝ ነበር የምወጣው፤ ሳይነቁ።

ዛሬ ቀድመውኝ ነቅተው በራፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መረቡ ትከሻዬ ላይ ነው። ወደ ራሳቸው ጎተቱት፣ የመረቡን ዓይን በትንሿ ጣታቸው ለኩት፤ ጣታቸው አልገባም። አሁን ይረግሙኛል ብዬ ቆምኩ። ቢረግሙኝ፣ በያዙት ዱላ ቢሉኝ እግራቸውን እስም ነበር። መረቡን መልሰው ትከሻዬ ላይ አስተካከሉልኝ።

«ምን ትቆሚያለሽ፣ ቶሎ ሂጂ እንጂ፣ ሳይቀድሙሽ» አሉኝ።

እህትህ